ዜማ አስጀማሪው

ጠዋት ከአማቷ ቀድማ ተነሳች። ውሃ ጣደች፤ መስኮቱን ከፈተች፤ ማታ ከጣለው ዝናብ ጠርዙ ላይ የቀረውን ውሃ በጨርቅ ጠረገች። ሻይ ቀዳች። የአማቷን የደም ግፊት ክኒን ከነብርጭቆው ራስጌያቸው አስቀመጠች። ዳቦ ቆርጣ ግማሹን ቆማ በላች፤ ግማሹን በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ጃንጥላ ያዢ" አሉ አሮጊቷ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ይዣለሁ እማማ።"

"የያዝሽው የተሰበረውን ነው።"

እውነትም የተሰበረውን ነበር። መለሰችና ደህናውን ያዘች። በሩን ዘጋች፤ ደግሞ ከፍታ ምድጃው መጥፋቱን አየች፤ ዘጋች። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ አግኝታ ሳለ ሁለት ፌርማታ ሳይሄድ ተነስታ ቆመች። ሰሞኑን እንዲህ ናት። ቁጭ ብላ የምትጨርሰው ነገር የለም።

የምትሠራበት የባህል ጥናት ማዕከል ሥራው ለሰው ሲነግሩት ቀልድ ይመስላል፤ እናቶች ልጅ ሲያስተኙ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ በኮምፒውተር ማጥናት ነው። ዜማዎቹን የማዕከሉ ድምፅ ቀራጮች በብዙ ዓመት ውስጥ ከተራራው አገር፣ ከወንዙ ማዶ፣ ከባሕሩ ዳር እየዞሩ በቴፕ ክር ቀድተው ያመጧቸው ናቸው። እሷ የጻፈችው ፕሮግራም እያንዳንዱን ዜማ ወደ አንድ መስመር ይለውጠዋል፤ ድምፁ ሲወጣ መስመሩ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። ከዚያ መስመርን ከመስመር ያስተያያል። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ዜማ አንድ ነጥብ ነው፤ ዘመዳሞቹ ብርድ እንደያዛቸው ልጆች ተጠጋግተው ይቀመጣሉ።

ከወር በፊት ፕሮግራሙ አንድ ትልቅ የነጥብ መንጋ አሳየ። ከተራራው የመጣችውም፣ ባሕር ዳር ያደገችውም፣ በቋንቋ የማይግባቡ እናቶች፣ ዜማቸውን ሲጀምሩ በአንድ ድምፅ ይነሳሉ፤ ድምፁን ትንሽ ይዘው ይቆያሉ፤ ከዚያ በአንድ ዓይነት እርምጃ ወደ ላይ ይወጣሉ። ዳይሬክተሩ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ያጠኑ ሰው ናቸው። ከኮምፒውተር ጋር አይዋደዱም ነበር፤ ያንን መንጋ ካዩ ወዲህ ግን ስክሪኑን እንደ ልጅ ልጅ ፎቶ ለመጣው ሁሉ ያሳያሉ። ስምም አውጥተውለታል፤ "እናት ዜማ"። ከአንዲት ጥንታዊት ዜማ ሁሉም ተወለዱ ነው ነገሩ። በማግስቱ እንግዶች ፊት ሊያቀርቡት ነው።

"የመጨረሻውን ፍተሻ አድርጊና 'ይሂድ' በዪኝ" አሏት በዚያ ጠዋት፣ ገና ጃንጥላዋን ሳታስቀምጥ። "ካንቺ አፍ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"ዛሬ እነግርዎታለሁ።"

አብሯት የሚሠራው ወጣት ፕሮግራመር ሁሉን ነገር በሥዕል ካላየ አይገባውም፤ በዚህ ምክንያት ማዕከሉ በሙሉ "ግራፍ" ይለዋል። ወንበሯን አየ፣ እሷን አየ።

"እትዬ፣ ወንበሩ እሾህ አወጣ እንዴ? አንቺ ስትቀመጪ ስትነሺ የደከመኝ እኔ ነኝ።"

"ሥራህን ሥራ።"

"እየሠራሁ ነው። እንዲያውም ስጦታ አለኝ።" የጆሮ ማዳመጫውን ዘረጋላት። "ነገ ለእንግዶቹ እናሰማቸዋለን ብዬ የመንጋውን እናቶች የመጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ቆርጬ አንድ ላይ ሰፋኋቸው። ስሚው፤ ያስለቅሳል።"

አደመጠች። አንዲት ሴት ጀመረች፤ ተቆረጠች። ሌላዋ ቀጠለች፤ ተቆረጠች። ከዚያ ሌላዋ። ወፍራም ድምፅ፣ ቀጭን ድምፅ፣ የአሮጊት ድምፅ፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ተነስተው፣ ትንሽ ቆይተው፣ ወደ ላይ። እነዚህን ዜማዎች ለወራት በቁጥር አይታቸዋለች። በጆሮዋ እንዲህ ተደርድረው ሰምታቸው አታውቅም።

ማዳመጫውን አወለቀች። ግራፍ ፊቷን ሲያይ "ነግሬሻለሁ፣ ያስለቅሳል" አለ። አላለቀሰችም። ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ እስከ ደረጃው ሄደች፤ ተመለሰች፤ ደግሞ ሄደች።

ያቺን አጀማመር ታውቃታለች። የባሏ ናት።

ባሏ የማዕከሉ ድምፅ ቀራጭ ነበር። ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የዞረው እሱ ነው። አንድ ቀን ከመንገድ ተመልሶ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ "ሴቶቹ እኮ ያፍራሉ" ብሏት ነበር። "ምን ያድርጉ? ሕፃን የለ፣ አልጋ የለ፤ ባዕድ ወንድ ማሽን ደቅኖ 'እስቲ ልጅ አስተኚ' ይላታል። ስለዚህ መጀመሪያ እኔ ትንሽ አንጎራጉርላቸዋለሁ። ይስቁብኛል። ከሳቁ በኋላ ይዘፍናሉ። ያኔ ማሽኑን እከፍታለሁ።" ለእሱ ይህ ጨዋነት ነበር። እንግዳ ሰው ቤት ገብቶ ደህና ዋላችሁ እንደማለት።

ጨዋነቱ ግን ዜማዎቹ ውስጥ ቀርቷል። እሱ በሰጣቸው ድምፅ ተነስተው፣ እሱ በወጣበት ወጥተው፣ ከዚያ የየራሳቸውን ዜማ ቀጥለዋል። ጥንታዊት እናት የለችም።

ተመልሳ ተቀመጠች። ሠንጠረዡን ከፈተች። ሥራው ሲጀመር ያጸዳችው እሷ ናት፤ ቦታው፣ ዘመኑ፣ የዘፋኟ ዕድሜ ቀርተዋል። "ቀራጭ" የሚለውን አምድ ግን "ለጥናቱ አያስፈልግም" ብላ አውጥታዋለች። እውነቱ ሌላ ነበር። ገጹን ወደ ታች ባወረደች ቁጥር የባሏ ስም በየረድፉ እየተደጋገመ ይመጣባት ነበር፤ አልቻለችውም። ቁልፍ ተጫነች፤ ጠፋ። ያን ቀን እፎይ ብላ ነበር።

አሁን አምዱን መለሰችው። ለእሱ ቅጂዎች አንድ ቀለም ሰጠች። መንጋው ከዳር እስከ ዳር በዚያ ቀለም ተቀባ። ሌሎች ቀራጮች ከዚያው ከተራራው፣ ከዚያው ከባሕሩ ዳር ያመጧቸው እናቶች ሌላ ቦታ ተበትነው ተቀምጠዋል።

ስክሪኑን አጠፋችው። አበራችው። አጠፋችው።

ሆድ ይፍጀው ብትል ማን ያውቅባታል? አምዱ እንደ ወጣ ይቀራል። ኮምፒውተር ላይ ያሉት ፋይሎች ሁሉ የሚጀምሩት ከሴቶቹ ድምፅ ነው፤ የእሱ ድምፅ የትም አይሰማም። ብትናገር ደግሞ የሚከተለው ጥያቄ ይታወቃል፤ "አንቺ በምን አወቅሽ?"

እዚያ ላይ ነበር ጭንቋ። ባሏ ከሞተ በኋላ ያለውን ሁሉ ሰው ተካፍሎታል። ልብሱን ወንድሞቹ፣ መጻሕፍቱን ተማሪዎቹ፣ ጨዋታውን ጓደኞቹ ወስደዋል፤ "እንዲህ ብሎኝ ነበር" እያሉ ይነግሯታል፣ ታዳምጣለች፣ ታመሰግናለች። ያቺ እንጉርጉሮ ግን በፎቶ አትታይ፣ በቃል አትነገር፤ ስለዚህ ማንም አልጠየቃትም። የእሷ ብቻ ሆና ቀረች። ዕቃ ስታጥብ፣ በር ስትቆልፍ ጆሮዋ ውስጥ ትመጣለች፤ ትሄዳለች። ለሰው ብታወጣት ምን እንደሚተርፋት አታውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቤት ሄደች። አማቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የመጋረጃ ጫፍ ይጠልፋሉ።

"ምነው በቀትር? አባረሩሽ እንዴ?"

"ርቦኝ ነው እማማ።"

"ዳቦሽ ቦርሳሽ ውስጥ እያለ?"

ተቀመጠች። ተነሳች። ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ ጠረጴዛው አመላለሰችው።

"አንቺ ሴት፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ሂጂ። መርፌ ይዣለሁ።"

"እማማ... እሱ፣ ሰው ሲያፍርበት የሚያንጎራጉራት ነገር ነበረች። ያስታውሷታል?"

መርፌው ቆመ። በሁለቱ መካከል ያልተጻፈ ውል ነበረ፤ በዚህ ቤት ስለ እሱ አይወራም።

"ምን ልታደርጊባት ነው?"

"ለሥራ ነው።"

"ለሥራ!" አሮጊቷ መጋረጃውን ጉልበታቸው ላይ ጣሉት። "ከተቀበረ ወዲህ አንድ ቀን ስሙን አላነሳሽብኝም። ዛሬ ለሥራ ተነሳ?"

"እርስዎን እንዳላስከፋ ብዬ ነው።"

"እኔም አንቺን እንዳላስከፋ። ዝም አይነቅዝም ብዬ እንጂ አፍ አጥቼ መሰለሽ?" ከዚያ መስኮቱን እያዩ፣ በአፍንጫቸው፣ አንጎራጎሩ። ድምፁ ተነሳ፤ ቆየ፤ ወደ ታች ወረደ።

"እንደዚያ አይደለም እማማ። መጨረሻው ወደ ላይ ነው የሚሄደው።"

"ልጄን ልታስተዋውቂኝ ነው?"

"አይደለም፣ እኔ የማስታውሰው..."

"የወለድኩት እኔ ነኝ። ጡት ላይ ሆኖ ነው የጀመራት፤ ወደ ታች ነው።" መርፌያቸውን አነሱ። "ሂጂ ወደ ሥራሽ። ደግሞ ዳቦሽን ብዪ።"

መንገድ ላይ አፏን ዘግታ ሞከረችው፤ የእሷን፣ የአማቷን፣ እንደገና የእሷን። ሁለት እማኞች፣ ሁለት ዓይነት ቃል። ዳይሬክተሩ ፊት በዚህ መቆም አይቻልም። ዋናውን ክር መስማት አለባት። ክሮቹን የማዳመጡን ሥራ ከመጀመሪያው ለግራፍ የሰጠችው ላለመስማት ነበር፤ ባሏ በክሩ ላይ የዘፋኟን ዕድሜ ሲጠይቅ፣ ሲያመሰግን እንዳትሰማው። ግራፍ ወሬውን ቆርጦ ዜማውን ብቻ ይሰጣት ነበር።

"ክር ማስኬጃውን ክፈትልኝ" አለችው።

"አሁን? ነገ እኮ..."

"አሁን።"

ምድር ቤት ወረዱ። ክሮቹ በየሳጥናቸው ቆመዋል፤ ክፍሉ የድሮ ፕላስቲክ ይሸታል። አንዱን ጫኑ፤ መጀመሪያው ላይ ዝምታ፣ ከዚያ ሴትዮዋ። ሌላ ጫኑ፤ እንደዚያው። ባሏ ጠንቃቃ ነበር፤ ሳቁ ሳያልቅ ማሽኑን አይከፍትም። ግራፍ ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቀም። ክር ሲያወጣና ሲያስገባ እሷ በመደርደሪያዎቹ መካከል ትመላለሳለች። ሰዓቱ ሄደ።

ከዚያ አንዱ ላይ የወንበር ሲጢጥታ ተሰማ። ማሽኑን ቀድሞ ከፍቶት ኖሯል።

"እኔ ምን ብዬ?" ትላለች አንዲት ሴት። "ልጁ እኮ አድጓል። ወታደር ሆኗል።"

"ወታደርም ይተኛል እኮ" ይላል ባሏ።

ሴትዮዋ ሳቀች። እሱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንጎራጎረ።

"ውይ! በዚህ ዜማ ልጁ አይተኛም፤ ተነስቶ ይሮጣል እንጂ!"

"እንግዲያው እርስዎ ያስተኙት።"

ሴትዮዋም ሳቋን ሳትጨርስ፣ እሱ በተነሳበት ድምፅ ተነስታ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ወደ ላይ ወጣች።

ግራፍ ማሽኑን አቆመው። "እትዬ... እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

ልጁ ሞኝ አይደለም። ክሩን አየ፤ ጣሪያውን አየ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታየ። "እንግዲህ እናት ዜማችን..." አለ ቀስ ብሎ፣ "...ፂም አላት ማለት ነው።" ወዲያው አፉን በእጁ ያዘ። "ይቅርታ! ይቅርታ እትዬ፣ አምልጦኝ ነው።"

እሷ ግን ሳቀች። ሳቁ ራሷን አስደነገጣት፤ መደርደሪያውን ይዛ ቆመች።

"ድገመው" አለችው።

ደገመው። ወደ ላይ ነበር የሚሄደው፤ በዚህ እሷ ትክክል ናት። ሌላው ግን ሌላ ነው። ጆሮዋ ውስጥ ስትኖር ለስላሳና ዘገምተኛ ነበረች። ይሄኛው ወፍራም ነው፤ ትንሽ ይሻክራል፤ የሚቸኩል፣ ከፊቱ ረጅም መንገድ ያለበት ሰው ድምፅ ነው። ደግማ አስደገመችው። ዋና ማስረጃዋ ነውና በደንብ መስማት ነበረባት።

ዳይሬክተሩ ለነገ ንግግራቸውን እየተለማመዱ አገኘቻቸው። ቆማ ነገረቻቸው፤ አምዱን ማውጣቷን መጀመሪያ፣ ቀለሙን ቀጥላ፣ ክሩን በመጨረሻ። አላቋረጧትም። ስትጨርስ ግን ፊታቸው ተቀይሯል።

"ስንት ክር ላይ ነው የሰማሽው?"

"አንድ ላይ።"

"አንድ! ከአንድ ክር ተነስተሽ ያን ሁሉ ልታፈርሺ? አንድ ቀን አድርጎት ይሆናላ። ሰው አንድ ቀን ያንጎራጉራል።"

"ሁልጊዜ ነበር የሚያደርገው።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

የፈራችው ጥያቄ መጣ። የጃኬቷን ቁልፍ ይዛ ታዞራለች፤ ወደ በሩ አየች።

"ቤትም እንዲሁ ነበር" አለች። "እናቱ ክኒን አልውጥም ሲሉ። የጎረቤት ልጅ ቆማ ማንበብ ስታፍር። ሰው መጀመር ሲያቅተው... ያቺኑ ነው የሚያንጎራጉረው። አይለውጣትም። እኔም..." አቆመች።

"አንቺም?"

"እኔም መጀመሪያ ቤቱ የገባሁ ቀን፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀርቼ።"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ረጅም ጊዜ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ የጠራ መነጽር ነበር።

"ተቀምጠው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይላሉ" አሉ። "እኔ እኮ ለእንግዶቹ በደብዳቤ ሳይቀር ጽፌላቸዋለሁ። ነገ ቆሜ ምን ልበላቸው?"

"የሆነውን።"

"የሆነውን! ለወሬው ይቀላል።" ንግግራቸውን ያዙ፤ አስቀመጡ። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን በድካም፣ "ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አሏት።

መልስ አልጠበቁም። "ክሩን አምጪው" አሉ፤ "ልስማው።"

በማግስቱ ዳይሬክተሩ እንግዶቹ ፊት ቆመው እናት ዜማ ያሉት ነገር እንደሌለ ተናገሩ። ኮምፒውተሩ እንዳልተሳሳተ፣ የነገሩትን ብቻ ማየቱን፣ ያልነገሩትን አለማየቱን አስረዱ። ከዚያ ክሩን አሰሙ። አዳራሹ "ወታደርም ይተኛል እኮ" ላይ ሳቀ። ከኋላ አንድ ሰው "ይደገምልን" አለ፤ ተደገመ። ስልኩን አውጥቶ የቀዳም ነበረ። እሷ ከመጨረሻው ረድፍ ተነስታ ኮሪደር ላይ ቆየች፤ በሩ ግን ቀጭን ነው።

ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ራሷ አስተካከለችው። "የቀራጭ ተጽዕኖ" የሚል ክፍል ጨመረች፤ እሱ የሰጠውን ድምፅ ከእያንዳንዱ ዜማ መጀመሪያ ላይ የሚቀንስ ነው። ለመቀነስ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ ክሩን ከምትቆጥረው በላይ አዳመጠችው። መንጋው ፈረሰ። የተራራዋ እናት ከተራራዎቹ ጋር፣ የባሕሯ ከባሕሮቹ ጋር ተቀመጡ። አንዳንዷ ማንንም ሳትመስል ዳር ላይ ብቻዋን ቀረች። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ሳምንት ስክሪኑን ዞር ብለው አላዩትም፤ ኋላ ግን ወንበር ስበው፣ "ይቺ ብቻዋን ያለችው ማን ናት?" ይሉ ጀመር። ግራፍ ሳያስበው ኮሪደር ላይ የባሏን ዜማ ያንጎራጉራል። ትዝ ሲለው ይደነግጣል። "ግድ የለም" ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የክሩን ቅጂ በስልኳ ይዛ ገብታ ለአማቷ አሰማቻቸው። አሮጊቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ያን ቀን አሞት ነበር እንዴ?" አሉ።

"አላመመውም እማማ።"

"አሞታል። ድምፁ ዘግቷል። እንዲህ አይደለም እሱ።" ስልኩን መለሱላት፤ ወደ ማድቤት እየሄዱም በአፍንጫቸው የራሳቸውን አንጎራጎሩ፤ ተነሳ፣ ቆየ፣ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ስለ እሱ ይወራል፤ አብዛኛውን አሮጊቷ ያወራሉ።

እሷ የራሷን ለማምጣት ሞክራለች። ዕቃ ስታጥብ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ በር ስትቆልፍ። ከክሩ ላይ ያለው ይመጣል፤ ጉሮሮ መጥረጉ፣ መቸኮሉ፣ የሴትዮዋ ሳቅ ሳይቀር። የባሏ ትክክለኛ ድምፅ እሱ ነው፤ ማዕከሉ ውስጥ ተቀምጧል፤ የፈለገ ሁሉ ይሰማዋል። እሷ ዘንድ የነበረው፣ ለስላሳውና ዘገምተኛው፣ የለም።